የአዞው ሰዓት

ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ውሻ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ ያለ ወትሮው የሚጮህ ስልክ እፈራለሁ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የመጣ ሰው ገና በሰፈር በሚወራለት ጊዜ፣ በእነዚህ ሁሉ ላይ አንድ ማሽን ተጨመረብኝ። መካኒሳ ውስጥ ባለ አንድ የካርቶን ፋብሪካ የቆመ መቁረጫ ነው። ሁለት የብረት መንጋጋ አለው፤ በአንደኛው ላይ ስለት ተደርድሯል። ሠራተኛዋ ካርቶኑን በእጇ መሃሉ ላይ ታስተካክልና እጇን አውጥታ ፔዳል ትረግጣለች። ደወል ይጮሃል፣ ማሽኑ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ግጥም ይላል። ሴቶቹ አዞው ይሉት ነበር። አዞው ላይ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ነበረች።

አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት። እኔ የተማርኩት፣ እማዬ መድኃኒቷ ሳይቋረጥባት የኖረችው በእህቴ ሁለት እጆች ነው። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ እሷ አድጌም ሚጣ ትለኛለች። እጇን ብታጣ ምን እንደምንሆን ማናችንም አፍ አውጥተን ተናግረን አናውቅም። እኔ ግን ሁልጊዜ አስበው ነበር። እራት ስንበላ፣ እጇ ወደ መሶቡ በተዘረጋ ቁጥር ጣቶቿን እቆጥር ነበር።

ሥራዬ ላፍቶ መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ተከራይተው ኮምፒውተር ከሚጠግኑና ፕሮግራም ከሚጽፉ አንድ ኢንጂነር ጋር ነበር። ከመስኮታችን ማዶ ያኔ ጤፍ ይዘራ ነበር፤ በእርሻ ወቅት የጅራፉ ጩኸት እኛ ጋ ይሰማል። ሰውየው የአባቴ እኩያ ናቸው፤ ጋሼ እላቸው ነበር። አዞውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያነጋግረውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚባለውን፣ የጻፉት እሳቸው ናቸው። እህቴ ፔዳሉን ስትረግጥ ማሽኑ መቼ ደውሎ መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው ይኸው ድራይቨር ነው።

ነገሩ የተበላሸው ፋብሪካው አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ነው። ፈጣን ነው፣ መብራት ቢጠፋም እንዳይጠፋ የሚያደርገው ባትሪ አለው፤ ባለቤቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ባትሪውን ነበር የሚያስጎበኘው። የድሮው ድራይቨር ግን ከደወሉ በኋላ የሚጠብቀው ቁጥር እየቆጠረ ነው። በድሮው ቀርፋፋ ኮምፒውተር ቆጥሮ እስኪጨርስ ለእጅ በቂ ጊዜ ይተርፋል። አዲሱ፣ ድብብቆሽ ላይ “እስከ መቶ ቁጠር” እንደተባለ ችኩል ልጅ፣ ለጉድ ቆጥሮ ይጨርሳል። ደወሉ ሳያባራ አዞው ይዘጋ ጀመር። ባለቤቱን ያሳሰበው ካርቶኑ ጠማማ እየሆነ መቆረጡ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ምሽት እትዬ ጫፉ የተቆረጠ የእጅ ጓንት ምድጃ ውስጥ ስትከት አየኋት።

“ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ” አለችኝ። “ፈራች ካሉ ወደ ማሸጊያ ያዛውሩኛል፤ ማሸጊያ ደግሞ ቋሚ አይደለም።”

ትንፍሽ አላልኩም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ቀለለ።

ጋሼ መላ አበጁለት። መቁጠሩን ትተው ድራይቨሩ የኮምፒውተሩን ሰዓት እያየ እንዲጠብቅ አደረጉት። ኮምፒውተሩ ፈጠነም ዘገየም ሰዓቱ አይዋሽም። እርማቱን መመርመር የእኔ ድርሻ ነበር። ጋሼ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ስለነበሩ አመራመራቸውን ከዚያው ይዘውት መጥተዋል። ፕሮግራሙ በወረቀት ይታተማል፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ በስንደዶ እየጠቆምኩ መስመር በመስመር ጮክ ብዬ አነባለሁ። መጀመሪያ ንባብ፣ ቀጥሎ ትርጓሜ፤ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚል ባማርኛ አፍታትቼ መናገር አለብኝ። ዓይን ይዘላል፣ ምላስ ግን አይዘልም ይሉ ነበር። ከተሳሳትኩ ስንደዶውን ይዘው ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሱኛል።

“ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል” አሉኝ የዚያን ቀን ስንጀምር፣ እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለው። እኔ ግን አልሳቅሁም። በየመስመሩ ውስጥ የሚታየኝ የእህቴ እጅ ነበር።

አነበብኩ። ደወሉ መቼ እንደሚጮህ፣ ሰዓቱ መቼ እንደሚያዝ፣ መቼ እንደሚታይ። ሁሉም ትክክል ነው። ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ መስመር ላይ ደረስኩ፤ ካርዱ ካልመለሰ እስኪመልስ ጠብቅ ይላል።

“ትርጓሜው?”

“ማሽኑ ውስጥ ያለው ትዕዛዝ ተቀባይ ካርድ ዝም ካለ ድራይቨሩ ትዕዛዙን እንደያዘ ይቆያል። ካርዱ ሲመልስ ሰዓቱን ያያል። የመጠበቂያው ጊዜ ካለፈ ይዘጋል።”

“ድንቅ። እለፊ።”

አለፍኩ። ሆዴ ግን እዚያው መስመር ላይ ቀረ። ለምን ብባል የምለው የለኝም፤ ስህተት አላየሁም። አንብቤ ስጨርስ “እህ? ደህና ነው እንበል?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ነገም አንዴ ልድገመው?”

“ምን አገኘሽበት?”

“ምንም።”

“ምንም ካላገኘሽ ምን ይደገማል፣ ልጄ?”

ይሉኝታ ላብ ሆኖ ጀርባዬ ላይ ወረደ። የአባቴ እኩያ ናቸው፤ ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ምንም ሳላገኝ ልድገመው ማለት አላመንኩዎትም ማለት ነው። ቢሆንም ደህና ነው የሚለው ቃል ከአፌ እምቢ አለ። “እባክዎ” ብቻ አልኳቸው። ፊታቸው ትንሽ ቅር እንዳለው እሺ አሉ።

በማግስቱ ጋሼ ረፋዱ ላይ መጡ። ወረቀቱን ዘርግቼ ገና መጀመሬ ነበር፣ መብራት ጠፋ። ያኔ መብራት መጥፋት ብርቅ አይደለም፤ ጋሼ ሳይናደዱ ማተሚያውን ከፍተው ውስጡ የተጠራቀመውን የወረቀት ብናኝ በብሩሽ ይጠርጉ ጀመር።

“መብራት የሚጠፋው ማሽን እንዲጸዳ ብሎ ነው” አሉኝ እየሳቁ።

እጃቸውን እያየሁ ስለ እትዬ ጥፍሮች አሰብኩ። አንዳንድ ቀን ጥፍሯ ሥር ጥቁር ሙጫ ሞልቶ ትመጣለች፤ በሎሚ ብታሸው አይለቅላትም። “ዛሬ መብራት ጠፍቶብን አዞውን ስንፍቅ ዋልን” ትላለች። ስለቱ መሃል የሚጣበቀውን ሙጫና ቁርጥራጭ የሚፍቁት መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ያለዚያ ሥራው ፋታ አይሰጥም። መብራት ከሌለ ማሽኑ ሬሳ ነው ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህም እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይከቱታል። ትክክልም ነበሩ። ድሮ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋ ነበር። አሁን ግን ባትሪ አለው።

“ጋሼ” አልኩ። “ካርዱ የማይመልሰው መቼ ነው?”

“ሽቦው ሲላቀቅ… ወይ ደግሞ…” ብሩሹን እንደያዙ ቆሙ። “መብራት ሲጠፋ።”

“እህቴ ፔዳል ረግጣ፣ ደወሉ ጮሆ፣ አዞው ሳይዘጋ መብራት ቢጠፋስ? የኮምፒውተሩ ሰዓት በባትሪው እየሄደ ነው። መብራቱ ሲመለስ ጊዜው አልፏል።”

ቀሪውን ትርጓሜ አልጨረስኩትም። ሁለታችንም ጨርሰነዋል። ያለ ደወል፣ በዚያው ቅጽበት ይዘጋል። ጋሼ ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

“ዛሬ ጠዋት ጫንኩላቸው” አሉ። “ባለቤቱ አላስቀምጥ አለኝ። ለሙከራ ብዬ… አንቺም ምንም አላገኘሁም ስላልሽ…”

የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። ጋሼ ተስፈንጥረው ወደ ፋብሪካው ደወሉ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። እኔ ነጠላዬን ከወንበሩ መንትፌ ወጣሁ።

የእኛና የመካኒሳ መብራት የሚጠፋው አብሮ ነው። ወደ መካኒሳ የሚሄድ ውይይት ታክሲ ስለተገኘ ሮጬ ተሳፈርኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሴት “ምነው ልጄ፣ ደህና?” አሉኝ። ዕድሜዬን በሙሉ መብራት ሲጠፋ ምነው በመጣ ስል ኖሬያለሁ። የዚያን ቀን ግን እንዳይመጣ ለመንኩ። እመቤቴ፣ ትንሽ አቆዪልኝ። እኔ እስክደርስ ብቻ አቆዪልኝ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዓይኔ አምፖል ይፈልጋል። ጸጉር ቤቱ ጨለማ ነው፣ እሰይ። ሙዚቃ ቤቱ ዝም ብሏል፣ እሰይ። ሾፌሩ ተሳፋሪ ለማውረድ በቆመ ቁጥር ሳልወድ እቃትት ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ትዝ አለኝ።

ከመኪናው ወርጄ ሮጥኩ። ከፋብሪካው ትንሽ ቀደም ብሎ ወፍጮ ቤት አለ፤ በደህናው ቀን ገና ከሩቅ ያገሳል። ዝም ብሎ ነበር። እህል ያመጡ ሴቶች ደጁ ላይ ጆንያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

“አልመጣም? ገና ነው?” አልኳቸው ሳልቆም።

“ገና ነው እቴ! አንቺም የምታስፈጪው አለሽ?” አለችኝ አንዷ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ከኋላዬ ወፍጮው ይነሳል እያልኩ፣ ጆሮዬ ወደ ኋላ እየሰማ ነበር የምሮጠው። ፋብሪካው በር ላይ ያለው ዘበኛ ያውቀኛል። ፊቴን አየ፣ መሬት የሚጎተተውን ነጠላዬን አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ።

“መቼ?” አለኝ ቀስ ብሎ።

ምን እንደሚለኝ አልገባኝም። አልፌው ገባሁ።

ውስጡ ድንግዝግዝ ነው። ሴቶቹ በአዞው ዙሪያ ቁጢጥ ብለው ጨዋታ ይዘዋል። እትዬ በጉልበቷ ተንበርክካለች፤ ሁለቱም እጆቿ እስከ ክርናቸው መንጋጋው ውስጥ ናቸው። ጥግ ያለው የኮምፒውተሩ ስክሪን አረንጓዴ ብርሃን ይተፋል። እሱ እንዳልተኛ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እትዬ ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ አልነበረኝም። አንዷ ቀና ብላ አየችኝና ጨዋታዋን አቋረጠች። እትዬ ዞር አለች።

በእኛ አገር፣ በሥራ ሰዓት፣ ያልተጠራ ዘመድ እያለከለከ ከመጣ ይዞ የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናታችን ደግሞ ከታመመች ቆይታለች። እትዬ ዓይኔን አየችና የሁለት እጆቿ መዳፎች ከአዞው አፍ ወጥተው አናቷ ላይ አረፉ።

“እማዬን! እማዬን!”

ሌሎቹ ሴቶች ምንድን ነው ሳይሉ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። አንዷ ዋይ ብላ መቀነቷን ፈታች። እትዬ መጥታ ትከሻዬን ይዛ ትንጠኛለች፤ ንገሪኝ፣ ንገሪኝ ትላለች። “የለም… ደህና ናት… እማዬ ደህና ናት… አዞው ነው” አልኳት ትንፋሼ ሲመለስ። አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ በጥፊ አለችኝ። ከወላጆቼ በቀር ማንም መትቶኝ አያውቅም፤ እሷም ከዚያ በፊት እጇን አንስታብኝ አታውቅም።

ጉንጬን እንደያዝኩ ውጭ ወፍጮው ሲነሳ ሰማሁ። ጣሪያው ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም አሉ፤ አዞውም ግጥም አለ። ደወል አልነበረም። እትዬ የምትፍቅበትን ጨርቅ እዚያው ትታው ነበር፤ መንጋጋው ሲከፈት ጨርቁ ለሁለት ተከፍሎ ወደቀ።

ለቅሶው ቆመ። እትዬ ጨርቁን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ የገዛ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠቻቸው።

አላመሰገነችኝም። “እማዬን በቁሟ ቀበርሽብኝ” አለችኝ ማታ ቤት ስንገባ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አላናገረችኝም። እማዬ ምንም አታውቅም፤ ትልቋ ልጇ እየመጣች ግንባሯን የምትዳብሳት ለምን እንደሆነ ግራ ገብቷት “ትኩሳት አለኝ እንዴ?” ትላት ነበር። እኔም አልተቀየምኩ። ጣቶቿን መቁጠሬን ቀጠልኩ፤ ሁሉም አሉ።

ጋሼ በዚያች አንድ ቀን ያረጁ መሰለኝ። ድራይቨሩን በዚያው ዕለት አስወጥተው እንደገና ጻፉት። ካርዱ ዝም ካለ የነበረው ትዕዛዝ ሁሉ ይረሳል፤ ካርዱ ተመልሶ ቢናገርም ፔዳሉ እንደ አዲስ እስኪረገጥ ድረስ ማሽኑ ንቅንቅ አይልም። እንደ ልማዳችን አነበብኩት። ንባብና ትርጓሜ ብቻ ግን አልበቃኝም። በየመስመሩ ላይ ይህ የሚሆነው መቼ ነው፣ ያን ጊዜ አጠገቡ ማን አለ፣ እጇ የት ነው እያልኩ ጠየቅኋቸው። ጋሼ አንዴም አልተቆጡ። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ፍርሃቴ ጨመረ፤ ያለፈውንም ሳነበው ስህተት አላየሁበትም ነበር።

የሙከራው ቀን ሁለታችንም ሄድን። ጋሼ ፔዳሉን ረግጠው፣ አዞው ሳይዘጋ ዘበኛው ዋናውን ማብሪያ ያጠፋዋል፤ የባሕር ዛፍ እንጨት መንጋጋው ውስጥ ያስገባሉ፣ መብራቱን ይመልሳል። እንጨቱ ደህና ይወጣል። ደጋግመው አሳዩ። ባለቤቱ ጨበጣቸውና “በሉ ወደ ሥራ” አለ። ሴቶቹ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

ከመሃላቸው በዕድሜ የምትበልጠው፣ እሑድ እሑድ ጠላ እየጠመቀች የምትሸጥ ሴት፣ ወደ ፊት ወጣች።

“እንጨት እጅ አይደለም” አለች። “አሳላፊ ሳይቀምስ የሚጠጣ ሰው የት አለ? በመዳፍ ጠብ አድርጎ ይቀመሳል፣ ከዚያ እንጠጣለን።”

ባለቤቱ ሊስቅ ብሎ ተወው። ጋሼ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ ጠማቂው ነዎት። ጠማቂ የራሱን ጠላ መች ይጠላል? አንብባ ያሳለፈችው ትቅመስልን።”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ እትዬ ዞርኩ። እሷን ተዉአት፣ ልጅ ናት እንድትል ጠበቅሁ። ግድግዳውን ታይ ነበር።

“ልጄ፣ ተዪው፤ ሌላ መላ አይጠፋም” አሉኝ ጋሼ። ዋናው ማብሪያ ጋ በዘበኛው ፋንታ እሳቸው ቆመው ነበር። ልተወው ፈለግሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ሮጬ መጥፋት ነበር የፈለግሁት። ግን እኔ ብተወው፣ ከምሳ በኋላ እዚያ እጇን የምትከተው ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ፔዳሉን ረገጥኩ። ደወሉ ጮኸ። ጋሼ አጠፉት፤ ቤቱ ጨለመ። ተንበረከክሁና ቀኝ እጄን አስገባሁ። ስለቱ መዳፌን ሲነካኝ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሙጫ ሙጫ ይሸታል።

“ላብራው?” አሉ ጋሼ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ከጎኔ ቀሚስ ተንኮሻኮሸ። እትዬ ተንበርክካ እጇን ከእጄ አጠገብ አስገባች።

“እትዬ፣ አውጪ! አውጪ እጅሽን!”

“አንብበሽዋል?” አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

“አንብቤዋለሁ።”

“በቃ። ያብሩት።”

የእኔ እጅ ብቻውን በነበረ ጊዜ ፍርሃቴ የሚቻል ነበር። ያን ጊዜ ግን ዓይኔን ጨፈንኩ። ማብሪያው ቀጭ አለ። በጨፈንኩት ዓይኔ ላይ ብርሃን መጣ፣ ሞተሩ ከሥራችን ማጉረምረም ጀመረ፣ የትንሽ ጣቷ ጎን የእኔን ሲነካ ይሰማኛል። ሌላ ምንም አልሆነም። አንዷ ሴት እልል አለች። እትዬ እጇን አውጥታ በሽርጧ ጠረገች፤ እኔ ግን የራሴን ማውጣት አቃተኝ። አንጓዬን ይዛ እሷ አወጣችልኝ።

አንብቤዋለሁ ያልኳት እውነቴን ነበር። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ግን አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት እስከ ዛሬ አላውቅም።